የሰማዩ ምልክት ለምን ይጠፋል?
በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ማሳ ሲለካ ገበሬው ሊያውቀው የሚገባ ትምህርት

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ የምትኖሩ ገበሬዎች፣ የግብርና ባለሙያው ትንሽ መሣሪያ በእጁ ይዞ በማሳ ዙሪያ ሲዞር ሳታዩ አልቀራችሁም። መሣሪያው ጂፒኤስ ይባላል። የማሳ ስፋት ለማወቅ፣ የእርከን ሥራ ለመለካትና የተፋሰስ ካርታ ለመሥራት ያገለግላል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2004 ዓ.ም. ባካሄደው የገጠር ጥናትም ማሳዎች በዚሁ መሣሪያ ተለክተዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ምልክት አጥቶ ዝም ይላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ዝም ሲል የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ግን በመዝገብ ከሰፈረ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። መሣሪያውን የሚይዘው ባለሙያው ቢሆንም ማሳው የእናንተ ነውና ይህን ትምህርት በጥሞና ተከታተሉ።

መሣሪያው ቦታውን እንዴት ያውቃል?

ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች አሉ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ቁጥር ከ24 አያንስም፤ እያንዳንዱም በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ምድርን ይዞራል። የመጀመሪያው የተላከው በ1970 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሳተላይቶች እንደ ራዲዮ ጣቢያ ሳያቋርጡ ሰዓታቸውን ይናገራሉ። መሣሪያው የሚሠራው ሰምቶ ነው እንጂ ወደ ሰማይ የሚልከው ነገር የለም። ሞገዱ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ቆጥሮ ከሳተላይቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል።

ከሦስት ችካሎች ያለውን ርቀት በገመድ የለካ ሰው የቆመበትን ቦታ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ መሣሪያውም ከሳተላይቶች ባለው ርቀት ቦታውን ያውቃል። አራተኛው ሳተላይት የሚያስፈልገው የመሣሪያውን ሰዓት ለማረም ነው። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያሳስታል። ስለዚህ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች በደንብ መሰማት አለባቸው፤ በሰማዩ ላይ ተራርቀው የተበተኑ ሲሆኑ ደግሞ ልኬቱ የተሻለ ይሆናል።

ምልክቱን የሚያጠፋው ምንድን ነው?

አንደኛ፤ ተራራና ገደል። የደብረ ብርሃን ሜዳ ሰማዩ ገላጣ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ከአንኮበር አፋፍ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን ተራራው የምዕራቡን ሰማይ ይሸፍናል፤ በዚያ በኩል ያሉት ሳተላይቶች አይሰሙም።

ሁለተኛ፤ የገደል ማሚቶ። በሸለቆ ውስጥ ሰው ሲጣራ ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ ዘግይቶ እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። የሳተላይቱም ሞገድ ከገደል፣ ከግንብና ከቆርቆሮ ጣሪያ ነጥሮ ይመጣል። መሣሪያው የዘገየውን ሞገድ ከሩቅ የመጣ አድርጎ ስለሚቆጥር ቦታውን ያዛባል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ምልክቱ ያለ ይመስላል።

ሦስተኛ፤ ዛፍ። ሞገዱ ከሩቅ ስለሚመጣ እጅግ ደካማ ነው። የባሕር ዛፍ ወይም የጽድ ቅጠል፣ ይልቁንም በዝናብ የራሰ እንደ ሆነ፣ ያደክመዋል።

አራተኛ፤ የሰው ገላ። መሣሪያውን በኪስ ወይም በጋቢ ሥር የያዘ ሰው ራሱ ሰማዩን ይሸፍንበታል።

አምስተኛ፤ የምሽቱ ሰማይ። የምድር መግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ይልቁንም በመስከረምና በመጋቢት ገደማ፣ የላይኛው አየር ሞገዱን የሚያናውጥበት ጊዜ አለ። ልኬት በቀን ይሁን።

ጉምና ደመና ግን ሞገዱን አይከለክሉም። አንኮበር በጉም ስለ ተሸፈነ ብቻ ሥራው አይስተጓጎልም።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ. መሣሪያው ብዙ ቀን ተዘግቶ ከቆየ ወይም ከሩቅ አገር ከመጣ፣ ሰማዩ በሚታይበት ገላጣ ቦታ ከፍቶ 15 ደቂቃ ያህል ማቆየት። የሳተላይቶቹን ሙሉ ማውጫ ለመቀበል ከ12 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

2ኛ. የባትሪ ድንጋዩ አዲስ ይሁን፤ ትርፍም ይያዝ።

3ኛ. መሣሪያውን ከገላ አርቆ ከፍ አድርጎ መያዝ። አንዳንዱ መሣሪያ በጀርባው ተኝቶ፣ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይሻለዋልና የራሱን መመሪያ መከተል ነው።

4ኛ. አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ከጂፒኤስ ሌላ የሩሲያን ግሎናስ፣ የአውሮፓን ጋሊሌዮና የቻይናን ቤይዱ ይሰማሉ። እነዚህም ይከፈቱ።

5ኛ. መስታወቱ የሚያሳየውን የስሕተት መጠን ማንበብ። ብዙ ሜትር ካለ ቆሞ መጠበቅ።

6ኛ. በየማዕዘኑ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ አማካዩን መመዝገብ። ዙሪያውን በዝግታ ሁለት ጊዜ ዞሮ ውጤቶቹን ማስተያየት።

7ኛ. ማዕዘኑ በዛፍ ሥር ወይም በገደል ጥግ ከሆነ፣ በአቅራቢያው ባለ ገላጣ ቦታ ነጥቡን ወስዶ ቀሪውን በገመድ መለካት።

ልብ በሉ፦ መሣሪያው ስፋቱን የሚያሰላው እንደ ሜዳ አድርጎ ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ተኝቶ 50 ሜትር የሆነ ገመድ፣ በአግድም ሲለካ 43 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልኬታችሁን ከመሣሪያው ስታስተያዩ ገመዱን አግድም ዘርጉት፤ አለዚያ መሣሪያው መሬት የሰረቃችሁ ይመስላችኋል።

ስለ ወሰን

ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ስፍራ እንኳ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው እንበል፤ በአራቱም በኩል 50 ሜትር ይሆናል። አንዱ ጎን 5 ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ 250 ካሬ ሜትር፣ ማለት የማሳው አንድ አሥረኛ፣ ይጎድላል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ስፋትን ለመገመት ይረዳል እንጂ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ወሰን ለመቁረጥ አይበቃም። የወሰን ድንጋያችሁን አትንቀሉ። በልኬቱ ቀን ሁለታችሁም ወሰንተኞች ተገኙ፤ የተመዘገበውን ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉ። ቁጥሩ ካልተስማማችሁ ዛሬ በማሳው ላይ ሳላችሁ እንዲደገም ጠይቁ። በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ ማስተካከሉ ይከብዳል።

ለመከለስ የሚጠቅሙ ጥያቄዎች

ሀ. ቢያንስ ስንት ሳተላይቶች መሰማት አለባቸው? አራተኛውስ ለምን ያስፈልጋል?
ለ. ገደል አጠገብ የሚገኝ ቁጥር ለምን አይታመንም?
ሐ. ከማሳችሁ ማዕዘኖች ሰማዩ የተሸፈነባቸው የትኞቹ ናቸው? ባለሙያው ሳይመጣ ዞራችሁ እዩአቸው፤ ገመድም አዘጋጁ።