የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ ሲቆም ስለሚደረግ ምርመራ

የሆቴል፤ የእንግዳ ማረፊያና የኪራይ ቤት ባለቤቶች ለጥገና ከሚያወጡት ገንዘብ አንዱ ክፍል ለመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ ቬንቲሌተር የሚውል ነው። ብዙ ፎቅ ባላቸው ሕንፃዎች አያሌ መታጠቢያ ቤቶች መስኮት ስለሌላቸው፤ እንፋሎቱ የሚወጣው በዚህ መሣሪያ ብቻ ነው። መሣሪያው በቆመ ጊዜ እርጥበቱ በጣራውና በግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ቀለሙ ይላጣል፤ ሻጋታ ይበቅላል፤ ሽታውም እንግዳውን ያሸሻል።

ይሁን እንጂ የቆመ ቬንቲሌተር ሁሉ የተቃጠለ አይደለም። ሳይመረምሩ ነቅሎ መጣልና አዲስ መግዛት ገንዘብን ያለ አገባብ ማባከን ነው። በእርግጥ የተበላሸውንም በግድ ለማሠራት መሞከር እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ምርመራው ከዚህ በታች እንደተመለከተው በተራ ሊካሄድ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ሳይፈቱ ስለ ማስተዋል። በዚያው መሥመር ላይ ያለው መብራትም ከጠፋ፤ ጉድለቱ በብሬከሩ ወይም በመሥመሩ ላይ መፈለግ አለበት። ብሬከሩ በተነሣ ቁጥር የሚወድቅ ከሆነ በግድ ደጋግሞ ማንሣት አይገባም፤ ጉዳዩ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዋል። መብራቱ እየበራ ቬንቲሌተሩ ብቻ ቆሞ እንደሆነ ድምፁን ማዳመጥ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለው ወይ ኃይል አልደረሰውም፤ ወይም ውስጡ ተቋርጧል። እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ግን ኃይል ደርሶታል፤ እንዳይዞር የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ታንቆ የቆመ ሞተር እየጋለ ስለሚሄድና የተከማቸው አቧራም ሊቀጣጠል ስለሚችል ወዲያው መጥፋት አለበት።

ሁለተኛ፤ ኃይልን ስለ ማቋረጥ። በኢትዮጵያ ለቤት የሚታደለው 220 ቮልት በእርጥብ ቦታ ሰው ለመግደል የሚበቃ ነው። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ሽቦዎቹ ተዛውረው ተገጥመው ከሆነ ኃይል ያለው ሽቦ እስከ ሞተሩ ድረስ ይቀራልና። መብራት ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እየዞረ የሚቆየው ዓይነትም ዘወትር ኃይል ያለበት ሽቦ አለው። ስለዚህ በማከፋፈያው ሳጥን ላይ ብሬከሩን ማውረድና በቴስተር መፈተን የግድ ነው። ቴስተሩ ራሱ ደኅና መሆኑ አስቀድሞ ኃይል ባለበት ሶኬት ላይ ይረጋገጣል።

ሦስተኛ፤ ስለ ማጽዳትና ስለ ማለስለስ። ሽፋኑ በተነሣ ጊዜ ከፎጣና ከልብስ የረገፈ ብናኝ በእርጥበት ተቦክቶ ክንፎቹን ይዞ ይገኛል። ይህ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ወደ ሞተሩ ውሃ አይረጭም። ሽፋኑ ለብቻው በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይመለሳል። ክንፉ በጣት ሲገፋ በቀላሉ መዞር አለበት። የሚከብድ ከሆነ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ ደርቋልና አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይሰጠዋል። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ስለሚጣበቅ አይሆንም። ድፍን ኩሽኔታ ያለው ዓይነት ግን ከደረቀ ኩሽኔታውን መለወጥ እንጂ ዘይት መጨመር አይጠቅመውም።

አራተኛ፤ ስለ ሞተሩ። ክንፉ ቀልሎ ሳለ ኃይል ሲሰጠው የሚያጉረመርም ከሆነ፤ ካፓሲተር ባላቸው ዓይነቶች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው። ይህ ዕቃ መሥመሩ ከተቋረጠም በኋላ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም። ኃይል እየደረሰው ፍጹም ዝም ያለ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥቅል ሽቦው ውስጥ ያለው የሙቀት ፊውዝ ተቆርጦበታል። ፊውዙን ዘሎ ሽቦ ለሽቦ ማገናኘት ለጊዜው ያሠራ ይሆናል፤ ነገር ግን የጋለውን ሞተር የሚያቆም ጠባቂ ስለማይኖር ቤቱን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

አምስተኛ፤ እየዞረ አየር ስለማያወጣ። አንድ ስስ የመጸዳጃ ወረቀት ወደ ሽፋኑ ይጠጋል። ወረቀቱ ካልተሳበ ቱቦው ታጥፎ፤ የውጭው መዝጊያ ተጣብቆ ወይም ወፍ ጎጆ ሠርታበት ይሆናል። የበሩም ሥር ፈጽሞ ከተዘጋ የሚገባ አየር ስለሌለ የሚወጣም የለም። የእንግሊዝ አገር የሕንፃ መመሪያ ለዚሁ ሲል ከበሩ ሥር 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ያዝዛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መለወጥ የግድ ከሆነ፤ ገዢው አሮጌውን ይዞ ወደ ሱቅ ቢሄድ ይበጀዋል። መመሳሰል ያለባቸው ቮልቱ፤ 50 ኸርዙና የቱቦው ስፋት ናቸው፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ 100፤ 125 ወይም 150 ሚሊ ሜትር ነው። ለ110 ቮልት የተሠራ ዕቃ በ220 ይቃጠላል። ካፓሲተር ሲለወጥ ማይክሮፋራዱ እኩል፤ የሚችለውም ቮልት ከቀድሞው የማያንስ ይሁን። ዕቃ ሻጩም እነዚህን ቁጥሮች ጠይቆ ቢሸጥ ዕቃው አይመለስበትም፤ ደንበኛውም አይርቀውም።

በየስድስት ወሩ አቧራውን የሚያስጠርግ ባለቤት ከዚህ ድካም አብዛኛውን ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ሥራ የሚስማማ ምክር ነው።