ስለ ገብስ፥ ስለ አይጥና ስለ ጉጉት፤ ለሕፃናት የሚሰጥ ትምህርት

በንፋስ መውጫና በዙሪያዋ ባለው በላይ ጋይንት ደጋ ገብስ ከዋኖቹ አዝመራዎች አንዱ ነው፤ አይጥም በማሳው፥ በክምሩና በጎተራው ትካፈለዋለች። ጉጉት ደግሞ አይጥን እያደነ ይኖራል። ነገር ግን ጩኸቱ የመርዶ ምልክት ነው እየተባለ በብዙ ስፍራ በድንጋይ ይባረራል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ለመምህራን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሥራ ቢያስይዙ ይገባል።

ጉጉት አይጥን እንዳለች ይውጣል፤ ሥጋዋን ሆዱ ከፈጨው በኋላ አጥንቷንና ጠጉሯን አድበልብሎ ይተፋዋል። ይህም ድብልብል በሚያርፍበት ገደል ወይም ጥድ ሥር ይገኛል። መምህሩ ራሱ ለቅሞ በጨርቅ ይቋጥረውና ለምግብ በማይውል ማሰሮ ያፍላው። ልጆቹም በእሾኽ እየፈለቀቁ አጥንቱን በነጭ ወረቀት ላይ ይደርድሩ፤ የራስ ቅሉን ሲቈጥሩ ጉጉቱ ስንት አይጥ እንደ በላ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ከዚያ በኋላ ገብስ፥ አይጥ፥ ጉጉት ብለው ይጻፉና በቀስት ያያይዙ። በዚህ ብዙ ልጅ ይሳሳታል፤ ቀስቱን ከአዳኙ ወደ ታዳኙ ያዞረዋል። ቀስቱ ግን ምግቡ የሚሄድበትን የሚያሳይ ነውና ከገብሱ ወደ አይጧ፥ ከአይጧ ወደ ጉጉቱ ይሁን። በየደረጃው የሚተላለፈው ኃይል ብዙ ጊዜ ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ አይጥ በዝታ ጉጉት የሚያንስበት ምክንያት ከዚህ ይገለጥላቸዋል።

አንዳንዱ የአይጥ መርዝ በአይጧ ሥጋ ውስጥ ቈይቶ የበላትን ጉጉት ይገድላል። መርዝ በተበተነበት ቀበሌ ድብልብሉ ለልጆች አይለቀም።