ማንኮራፋትን ለመቀነስ

ሲያርስ የዋለ ገበሬ ማታ ደክሞት ይተኛል። ጋደም ከማለቱ ማንኮራፋት ይጀምራል። ሚስቱ እንቅልፍ ታጣለች። «ኧረ ዞር በል!» ትለዋለች። በጎኑ ዞር ሲል ድምፁ ይቀንሳል። ይህ ለምን ሆነ?

ስንተኛ የምላሳችንና የጉሮሮአችን ሥጋ ይላላል። በጀርባችን ከተኛን ምላሳችን ወደ ኋላ ይሸሽና የአየር መተላለፊያውን ያጠበዋል። አየሩ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ እንጥልንና ላንቃን ያርገበግባል። የማንኮራፋት ድምፅ ይኸው ነው።

ማንኮራፋትን ለመቀነስ እንዲህ እናድርግ፦

1ኛ/ በጀርባችን ሳይሆን በጎናችን እንተኛ። በእንቅልፍ ልቡ በጀርባው የሚገለበጥ ሰው በሌሊት ልብሱ ጀርባ ላይ የጨርቅ ጥቅል ያሰፋ። ሲቆረቁረው ወደ ጎኑ ይመለሳል።

2ኛ/ የመኝታችንን ራስጌ ከፍ እናድርግ።

3ኛ/ ማታ ማታ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ አንጠጣ። መጠጥ የጉሮሮን ሥጋ ይበልጥ ያላላል።

4ኛ/ ጢስ አፍንጫንና ጉሮሮን ያሳብጣል። ስለዚህ ማብሰያውን ከመኝታው እንለይ። ለቤታችንም መስኮት እናብጅ። ትምባሆ የሚያጨስ ይተው።

5ኛ/ ውፍረት የበዛበት ሰው ክብደቱን ይቀንስ።

አንዳንዱ ሰው ሲያንኮራፋ ቆይቶ ትንፋሹ ጸጥ ይላል። ከዚያም እንደ ታፈነ ሰው በድንገት ይተነፍሳል። ይህ በሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ጧት ራሱን ያመዋል። ቀን በተቀመጠበት ያንቀላፋል። ይህ የሚሳቅበት ነገር አይደለም፤ በሽታ ነው። ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል። የተኛው ሰው ራሱ አያውቀውም። የሚያውቀው አጠገቡ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ያየ ይንገረው፤ የተነገረውም ሳይቆጣ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁልጊዜ የሚያንኮራፋ ልጅ ቶንሲሉ አብጦ ይሆናል። እሱንም ለሐኪም እናሳየው። እንጥሉን ግን ከቶ አናስቆርጥ! በምላጭ እንጥል መቁረጥ ብዙ ደም ያፈሳል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ልጁን ሊገድለው ይችላል። ድምፅ ለማጥፋት ብለን ልጅ አናጥፋ።

ጥያቄዎች

1. በጀርባ የተኛ ሰው ለምን ያንኮራፋል?
2. ማታ መጠጥ መጠጣት ምን ያስከትላል?
3. ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ብታዩ ምን ትመክሩታላችሁ?
4. በሠፈራችሁ እንጥል የሚያስቆርጥ አለ? ጉዳቱን ተወያዩበት።