ምዕራፍ 7፦ ከዳኑ በኋላ የሚያዝ ወረቀት

ደብረ ወርቅ ላይ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ እናስብ። ለምሳሌ የፈጠርኳት ስለሆነች ስም አልሰጣትም። ሰባት ዓመት ሲሆናት እናቷ ገላዋን ስታጥባት ከጎኗ ጠጣር ነገር በእጇ ነካት። መጀመሪያ ጠበል ሄዱ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ። በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎላት፣ በደጀን አድርጋ ዓባይን ተሻግራ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ገባች። የኩላሊት ካንሰር ነበር። አንዱ ኩላሊቷ ወጣ፤ ኬሞ ተሰጣት፤ ጸጉሯ ረግፎ እንደገና በቀለ። አባቷ ለመንገዱና ለማደሪያው በሬ ሸጠ። "ድናለች" ሲባል ቤተሰቡ ለማርያም ስለቱን አገባ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የበሽታውን ስም የሚያነሳ የለም።

ዝምታው ከፍቅር የመጣ ነው። ልጅቷ ለትዳር ስትደርስ "ያ ክፉ በሽታ ነበረባት" እንዳይባልባት ነው። ይገባኛል። ቢሆንም ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ቢያንስ ሐኪም ፊት ዝም እንዳትል ለመለመን ነው።

ኬሞ ሲሰጥ ያዩ ወላጆች ቀዩን መድኃኒት አይረሱትም። ዶክሶሩቢሲን ይባላል፤ ሽንትን ሳይቀር ያቀላል። ብዙ ሕፃናትን ያተረፈ መድኃኒት ነው። ነገር ግን የልብ ጡንቻንም ይጎዳል፤ የተጎዳ የልብ ጡንቻ ደግሞ እንደ ቆዳ ራሱን አይተካም። የሕፃን ልብ ከአካሉ ጋር ማደግ አለበትና ጉድለቱ የሚታወቀው ልጁ ካደገ በኋላ፣ አንዳንዴም ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። በጠቅላላው የተወሰደው መጠን ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 250 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስጋቱ ከፍ ይላል፤ ደረት ላይ ጨረር ከታከለበት ይብሳል። ውኃ ለመቅዳትና እህል ለመሸከም የበቃ ልብ በእርግዝና የደሙ መጠን በግማሽ ያህል ሲጨምር ሊደክም ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ አዋላጇ የማታውቀው ታሪክ ምጥ ክፍል ውስጥ ብቅ ሲል።

የቀረው ኩላሊትም አለ። ጤፍ ሲታጨድ ወገቧን ሲያማት ከመድኃኒት መደብር ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ትገዛለች፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ሁለት ኩላሊት ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ለእሷ ግን ፓራሲታሞል ይሻላታል። የደም ግፊቷ በየዓመቱ መለካት፣ ሽንቷም ፕሮቲን እንዳለው መታየት አለበት። ሁለቱም ጤና ጣቢያ ላይ የሚቻሉ ናቸው።

ሌላ ሕክምና የወሰደ ሰው ጣጣው ሌላ ነው። ሲስፕላቲን መስማትን ይቀንሳል። ጭንቅላት ላይ ያረፈ ጨረር ቁመትን፣ ትምህርት መቀበልንና ሆርሞንን ይነካል። በልጅነቷ ደረቷ ላይ ጨረር የተሰጣት ሴት የጡት ካንሰር ምርመራ የሚያስፈልጋት ከእኩዮቿ ብዙ ቀድማ፣ ከ25 ዓመቷ ገደማ ጀምሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከልጅነት ካንሰር የዳኑ ከ10,000 በላይ ጎልማሶችን ተመልክቶ፣ ከ100ው 62ቱ ቢያንስ አንድ ሥር የሰደደ የጤና ችግር እንዳለባቸው አገኘ። ቁጥሩ እንዳያስደነግጥዎ፤ እነዚህ ሰዎች የሚሠሩ፣ የሚያገቡ፣ የሚወልዱ ናቸው። ካንሰሩም በአብዛኛው ወደ ልጅ አይተላለፍም። በሁለቱም ዓይን የያዘ የዓይን ካንሰር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ስለሆነ ሕፃኑ እንደተወለደ ዓይኑ መታየት አለበት።

በእኛ አገር ነገሩ አዲስ ነው። ጥቁር አንበሳ ለሕፃናት ካንሰር ራሱን የቻለ ክፍል ያደራጀው እ.ኤ.አ. በ2013 አካባቢ ነው፤ ጎንደር፣ ጅማና መቀሌም በኋላ ሕክምናውን ጀመሩ። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት ከሩቅ ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ ባይከፍት ኖሮ ስንቱ ሕክምናውን አቋርጦ ይመለስ ነበር። ያኔ የታከሙት ሕፃናት ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ገና አሁን ነው። ስለዚህ የወረዳ ሐኪም ከልጅነት ካንሰር የዳነ ጎልማሳ ገጥሞት ላያውቅ ይችላል። ታሪኩን ይዞ መሄድ የታካሚው ድርሻ ሆኗል።

ታዲያ በዚህ ዓመት አንድ ነገር ያድርጉ። የድሮውን የካርድ ቁጥር ከሳጥን ፈልገው ያውጡ፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ካለ ይላኩት፣ የሚሻለው ግን ራስዎ መሄድዎ ነው። የታከሙበት ክፍል የሕክምና ማጠቃለያ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የበሽታው ስም፣ የየመድኃኒቱ ስምና ጠቅላላ መጠን፣ ጨረር ከነበረ የት ላይ እንዳረፈና ምን ያህል እንደነበረ፣ በቀዶ ሕክምና የወጣው አካል ይጻፍበት። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ወረቀት አይጥ ይበላዋል። መጠኑ ከታወቀ የልብ አልትራሳውንድ፣ ሰው "ኢኮ" የሚለው፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያስፈልግ ሐኪም ይወስናል፤ ከፍ ያለ መጠን ለወሰደ ሰው በየሁለት ዓመቱ ማየት የተለመደ ነው።

ያቺ የደብረ ወርቅ ልጅ ደግሞ ከማርገዟ በፊት ኢኮ ትታይ። ለመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል ስትቀርብ አዋላጇ "የቆየ ሕመም አለሽ?" ትላታለች። "አሁን ደህና ነኝ" ማለት ይቀናታል። እንዲህ ትበል፦ "በልጅነቴ ካንሰር ታክሜ ድኛለሁ። ያለኝ አንድ ኩላሊት ነው፤ ልብ የሚጎዳውን ቀዩን መድኃኒትም ወስጃለሁ። ወረቀቱ ይኸው።"