ለጀማሪዋ ፋርማሲስት

ልጄ፣ ትምህርትሽን ጨርሰሽ መድኃኒት ቤት ልትቀጠሪ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ ያሳለፍኩ ነኝና የምልሽን ስሚኝ።

1. አንቲባዮቲክን እንደ ሌላው መድኃኒት አትይው። የጨጓራ መድኃኒት አለአግባብ የዋጠ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። አንቲባዮቲክ አለአግባብ ሲወሰድ ግን ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፣ የተቋቋመው ተርፎ ይራባል፤ ይህንኑ አቅሙንም ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ሊያቀብል ይችላል። ዕድሉ ሲገጥምሽ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገብተሽ የደም ካልቸር ውጤት ተመልከቺ። ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ የተገኘበት ሕፃን ከሆነ፣ ሐኪሙ አምፒሲሊንን፣ ጄንታማይሲንን፣ ሴፍትሪአክሶንን አይሠሩም ብሎ እየሰረዘ ወደ ታች ሲወርድ ታያለሽ። ያ ሕፃን በሕይወቱ አንድ ፍሬ ክኒን አልዋጠም። የሚከፍለው እኛ የዋጥነውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሉት ሰው 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ተገምቷል።

2. “ሁለት ፍሬ ብቻ ስጪኝ” የሚልሽ ደንበኛ አይጠፋም። እንክብሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ ሊነሰንስ የሚወስድም አለ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ ላይ አንድ ምሳሌ አቅርቦ ነበር። ጉሮሮውን ያመመው ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ይወስዳል፤ ጀርሙን ለመግደል ሳይሆን ለማለማመድ የሚበቃ። በሽታው ወደ ሚስቱ ይጋባል፤ እሷም የሳንባ ምች ይዟት በፔኒሲሊን ብትታከም አልድን ብላ ትሞታለች። ፍሌሚንግ ለሞቷ ተጠያቂ ያደረገው ባልየውን ነው። እኔ የሸጠለትንም እጨምራለሁ።

3. ልጇን አዝላ የመጣችን ድሃ እናት ግን እንዳትቆጪያት። ማዘዣ ሳትይዝ የመጣችው የካርድና የትራንስፖርት ገንዘብ አጥታ፣ የቀን ሥራዋ እንዳይቀርባት ፈርታ ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ አንቲባዮቲክ ባለማግኘት የሚሞተው ሕፃን ዛሬም ብዙ ነው፤ ለነገው ትውልድ እንቆጥባለን ብለን የዛሬውን ልጅ ብንነፍገው ፍትሕ አይባልም። ስለዚህ ልጁን እዪው። ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል? ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? መጥባት አቁሟል? አንዱን እንኳ ካየሽ ለነገ ሳትይ ወደ ጤና ጣቢያ ላኪያት፤ የት እንደሆነ አሳዪያት፣ ከቻልሽ ስልክ ደውይላት። ተራ ጉንፋን ከሆነ ደግሞ በቫይረስ እንደሚመጣና አሞክሲሲሊን እንደማይነካው ቁጭ ብለሽ አስረጂያት። ብዙ ሰው በትክክል ከተነገረው ይሰማል።

4. ሴፍትሪአክሶን “ጠንካራ መርፌ” ስለተባለ ለሁሉ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ከሚያዙት ተርታ ያስቀመጠው መድኃኒት ነው።

5. ለከብት የሚገዛውንም እንደዚሁ እዪ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋች ላም ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት አይጠጣም፤ የእንስሳት ሐኪም የነገረውን ቀን ባለከብቱ እንዲጠብቅ ንገሪው።

6. ትልቁ ፈተናሽ የሚመጣው ከደንበኛው ሳይሆን ገበያው ቀነሰ ከሚል ባለቤት ነው። ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው፤ አንቲባዮቲክ በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። ስትቀጠሪ፣ ገና ደመወዝ ሳትነጋገሪ፣ ያለ ማዘዣ እንደማትሸጪ በግልጽ ተናገሪ። አይሆንም ካለሽ ሌላ መድኃኒት ቤት ፈልጊ።