የላላ ደጋን

በክርስቶስ የተወደዳችሁ፣ በጅዳ በሰው ቤት የምትደክሙ እኅቶቻችን! ዛሬ ከጥጥ መንደፊያ ደጋን እንማር።

ለሚስቱ ቀላል ደጋን ከጣውላ የሚሠራ ባል አስቀድሞ የእንጨቱን መስመር ያያል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቆረጠውን ይመርጣል። መካከሉን ወፍራም ትቶ ሁለቱን ጫፎች እኩል ያሳሳል። አንዱ ወገን ብቻ ቢጎብጥ ይሰበራልና ጥቂት በጥቂት እየላገ ይፈትነዋል። በመጨረሻ ጅማቱን ይወጥራል። ሥራ ሲያበቃ ግን ጅማቱን ማላላት ይገባል፤ ሁልጊዜ ተወጥሮ የሚያድር እንጨት እንደ ጎበጠ ቀርቶ ኃይሉን ያጣል።

እኛም እንዲሁ ነን። ጌታ የደከሙ ደቀ መዛሙርቱን ጥቂት እንዲያርፉ አዟቸዋል (ማር. 6፥31)። በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብም በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይፈቅዳል። እኅቶች ሆይ፣ ዕረፍት መጠየቅ ስንፍና አይደለም። ለሚጠብቋችሁ ስትሉ ሳትሰበሩ ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።