ከእሳቱ በፊት አሸዋውን

እቱ፣ ምድጃውን ለመለኮስ ቸኩለሻል። ከሰሉ ተገዝቷል፣ ወናፉ ተገጥሟል፣ ስብርባሪው አሉሚኒየም ጆንያ ሙሉ ተቀምጧል። እስቲ ክብሪቱን ለጥቂት ቀን ተዪውና እዚህ አሸዋው ጋ ቁጭ በይ። ማቅለጡ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ በደንብ የሚናፍ የከሰል ምድጃ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ማፍሰሱም ለትንሽ ዕቃ ከደቂቃ አይዘልም። ዕቃሽ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ከዚያ ሁሉ በፊት፣ አሸዋሽን ውሃ ስታጠጪው ነው። ከዚህ ሙያ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ ብትዪኝ ውሃውን ጠብቂ እልሻለሁ። ያለ ውሃ አሸዋው አይቆምም፤ ውሃው ያለቦታው ከተገኘ ደግሞ ዕቃውንም አንቺንም ይጎዳል።

አሸዋው ደቃቅ ይሁን። ለልስን ከተነፋው ወስደሽ እንደገና በጠባብ ወንፊት ንፊው። ሲደቅ የዕቃው ገጽ ይለሰልሳል፤ ዱቄት እስኪሆን ከደቀቀ ግን እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ደረቅ አሸዋ ስትነፊ ሻሽ አፍንጫ ላይ መጠምጠም አይበቃም። የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይተዋል፣ ያ ጠባሳ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ፊትሽ ላይ ግጥም የሚል የአቧራ ማስክ አድርጊና ነፋሱን ከኋላሽ አድርገሽ ደጅ ላይ ንፊ።

አሸዋውን የሚያያይዘው ሸክላ ነው። ለጉድጓድ ቁፋሮ የሚያገለግለውን ቤንቶናይት ካገኘሽ ለ10 ኪሎ አሸዋ 1 ኪሎ ያህል ይበቃል፤ ውሃው ከግማሽ ሊትር በታች ነው። መጀመሪያ ሁለቱን በደረቁ አዋህጂ፤ ከዚያ ውሃውን እየረጨሽ እሺው፣ እርገጪው፣ በላስቲክ ሸፍነሽም አሳድሪው። ሸክላው ውሃውን የሚጠጣው በዝግታ ስለሆነ ያላደረ አሸዋ አንዱ ጥግ ጭቃ፣ ሌላው ጥግ አቧራ ይሆንብሻል። ዋልካስ አይሆንም ወይ ትዪኝ ይሆናል። በክረምት የሚያብጠው፣ በበጋ የሚሰነጠቀውና የስንቱን ቤት ግድግዳ የከፈለው ጥቁር አፈር ከቤንቶናይት ጋር ዝምድና ያለው የሚያብጥ ሸክላ አለበት። ሥሩና ጠጠሩ ታጥቦ ከወጣለት፣ ደርቆም ከተፈጨ መሞከር ይቻላል። ለመጀመሪያ ሥራሽ ግን አልመክርሽም፤ ዕቃው ሲበላሽ ጥፋቱ የአፈሩ ይሁን የእጅሽ መለየት ያቅትሻል።

አሁን እፍኝ ጨብጪ። ጠበቅ አድርጊው። እጅሽን ስትከፍቺ እንደ በሶ ጭብጦ የጣቶችሽን አሻራ ይዞ መቆም አለበት። በሁለት እጅ ያዢውና ስበሪው፤ ጥርት ብሎ ለሁለት ከተከፈለ ደርሷል። ከተፍረከረከ ውሃ ጎድሎታል። መዳፍሽን ካረጠበው በዝቶበታል፤ ዘርጊውና ይናፈስ። ይህን በየጠዋቱ አድርጊው፣ አሸዋ እንደ አየሩ ይለዋወጣል። እጅሽ ይህን ሲለምድ ግማሹን ሙያ ይዘሻል።

ለመጀመሪያ የምትሠሪው ዕቃ ጀርባው ጠፍጣፋ ይሁን፤ የቤት ቁጥር ሰሌዳ ጥሩ ነው። አሸዋው ላይ ቅርጹን የሚተወውን ፓተርን ከደረቀ እንጨት ጥረቢ። ውፍረቱ የትም ቦታ ተቀራራቢ ይሁን፣ ማዕዘኖቹ ይዶልዱሙ፣ ጎኖቹ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ዘመም ይበሉ። ቀጥ ያለ ጎን ሲወጣ አሸዋውን ይዞ ይወጣል። ቫርኒሽ ቀቢውና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንሸራትት አለስልሺው፤ የእንጨቱ እያንዳንዱ ጭረት አሉሚኒየሙ ላይ ይታያል። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ በርዝመቱ 1.3 በመቶ ገደማ ስለሚያጥር፣ 20 ሳንቲሜትር ዕቃ ከፈለግሽ ፓተርኑን 2.6 ሚሊሜትር ያህል አርዝሚው።

ስንት ኪሎ እንደምታቀልጪ ለማወቅ ሚዛን ፊት ቆመሽ አትገምቺ። ፓተርኑን አፍ እስከ ገደፉ በሞላ ባልዲ ውስጥ ድፈቂውና የፈሰሰውን ውሃ ለኪ። ለእያንዳንዱ ሊትር 2.7 ኪሎ አሉሚኒየም ያስፈልጋል። ግማሽ ሊትር ከፈሰሰ ዕቃው 1.35 ኪሎ ነው፤ በኋላ የማስረዳሽ መውረጃው፣ መግቢያውና መጋቢው ሲጨመሩ ከ2 ኪሎ በላይ አዘጋጂ። መሃል ላይ ያለቀ ቅላጭ ተጨምሮበት አይስተካከልም፣ የረጋው ከአዲሱ ጋር አይዋሃድም። ታዲያ ከለካሽ በኋላ እንጨቱ በደንብ ይድረቅ።

አሸዋው የሚጠቀጠቅባቸው ሳጥኖች ሁለት ናቸው፣ የታችኛውና የላይኛው፤ እንዳይንሸራተቱ ጎናቸው ላይ ችካል ይኑራቸው። ፓተርኑን በጠፍጣፋ ጀርባው ጣውላ ላይ አስቀምጪ፣ የታችኛውን ሳጥን በላዩ ድፊ፣ በቀጭን ጨርቅ የከሰል ዱቄት ወይም ታልክ ንፊበት፣ ከዚያ አሸዋውን በስስ ወንፊት አልብሺው። ቀሪውን በየንብርብሩ ጠቅጥቂ። ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ጠንከር፣ ፓተርኑ አናት ላይ ለስለስ አድርጊ። እጅግ ከጠቀጠቅሽው እንፋሎት አያሳልፍም፤ ከላላ ደግሞ የቀለጠው ይገፋውና ዕቃው ያብጣል። ይህን ከቃል ይልቅ ክንድሽ ነው የሚማረው። እንደጨረስሽ ገልብጪው፣ መለያያውን ዱቄት እንደገና ንፊ፣ የላይኛውን ጫኚና እንዲሁ ጠቅጥቂው።

መውረጃው ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይበል። ወደ ዕቃው የሚያስገባው መግቢያ በቀጭኑ ክፍል በኩል ቢሆን ለመቁረጥም ይቀላል። መጋቢውን ግን አትርሺ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚንቀው እሱን ነው። አሉሚኒየም ሲረጋ ከመጠኑ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የጎደለውን ከአጠገቡ ካላገኘ ራሱን ይጎደጉዳል። መጋቢው ከዕቃው ወፍራም ቦታ አጠገብ የሚቆም፣ ከዚያም የሚወፍር የቅላጭ ክምችት ነው፤ ወፍሮ መጨረሻ ካልረጋ መጋቢነቱ ይቀራል። ከዚያ በቀጭን ሽቦ የላይኛውን አሸዋ ፓተርኑ ጋ ሳትደርሺ በየቦታው ብጪው፣ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል። ፓተርኑን ለማውጣት የላይኛውን ሳጥን አንስተሽ ምስማር ምቺበት፣ ምስማሩን ወዲያ ወዲህ መታ መታ አድርጊና ቀጥ አድርገሽ አንሺው። እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሽሽን ያዢ። ጠርዙ ከተፈረፈረ በውሃ አትጠግኚው። ውሃ የነካው ቦታ ላይ ነው ቀዳዳ የሚወጣው። አፍርሰሽ እንደገና ሥሪ፤ አሸዋው ያው ነው፣ ምንም አልጠፋብሽም።

ስብርባሪውን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የምትገዢ ከሆነ ቀድሞውንም በማፍሰስ የተሠራ ዕቃ ምረጪ፤ የመኪና ፒስተን፣ የአሉሚኒየም ቸርኬ። ሲሊከን ስላለባቸው ቀልጠው ሲፈሱ ጥግ ድረስ ይገባሉ። የመስኮት ፍሬም ለዚህ ሥራ አይመችም፣ ሲረጋ ይሰነጠቃል። የለስላሳ ጣሳ ደግሞ ስስ ስለሆነ አብዛኛው ወደ ቆሻሻ ይለወጥብሻል። የድሮዋ ቮልስዋገን ቢትል የሞተሯና የካምቢዮዋ ሽፋን የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ መልኩ አሉሚኒየም ይመስላል፣ ከተቀጣጠለ ግን ውሃ ያባብሰዋል። የተጠራጠርሽውን ዕቃ በሞረድ ፋቂና አቼቶ ጠብ አድርጊበት፤ ቢፈላ ማግኒዚየም ነው፣ ከጆንያሽ አውጪው። የታሸገ ቱቦም እንዳለ አታስገቢ፣ ውስጡ የታፈነው አየርና ዘይት ይፈነዳል።

ምናለሽ ተራ ስትሄጂ ለማን ነው የምትገዢው የሚልሽ አይጠፋም። ለራሴ በይው። ሠፈር ውስጥም ‹ቀጥቃጭ› የሚል አፍ ካለ አንገትሽን አትድፊ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ እኮ ቆየ፣ 1900 ዓ.ም. ነው። ማረሻና ማጭዱን የሠራውን ሰው የናቀ ማኅበረሰብ ምን ያህል ዕውቀት እንዳጣ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ውሃው ልመልስሽ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። አንድ ሊትር ውሃ ድንገት እንፋሎት ሲሆን 1,700 ሊትር ያህል ይሆናል። ከቀለጠው ሥር የገባች ጠብታ ቅላጩን ፊትሽ ላይ ትረጨዋለች። ስለዚህ ወደ ቀለጠው የምትጨምሪው ስብርባሪ ሁሉ ምድጃው አፍ ላይ ሞቆ ይግባ። ቆሻሻውን የምትገፊበት ማንኪያም እንዲሁ ይሙቅ። ሳጥኖችሽን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጪ፤ ደረቅ የሚመስል ሲሚንቶ ውስጡ እርጥበት ይይዛል፣ ቅላጭ ሲነካው ይፈነጠራል። ጣት የሚቀብር ደረቅ አሸዋ መሬቱ ላይ ዘርጊና በዚያ ላይ ሥሪ። ክረምት ሲገባ መሬቱም ከሰሉም አየሩም ስለሚረጥብ ፓተርን ጥረቢበት እንጂ አታፍስሺ። የምድጃውን አዲስ ምርጊትም በትንሽ እሳት ቀስ ብለሽ አድርቂው። ሁልጊዜ ደጅ፤ የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ ሳይታወቅ ይገድላል።

ልብስሽ ጥጥ ወይም ቆዳ ይሁን፤ ናይለን ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱሪሽ ከጫማው ውጭ ይውረድ፣ ቅላጭ ጫማ ውስጥ እንዳይገባ። የፊት መከለያ፣ የቆዳ ጓንት፣ ጸጉርሽ በጥጥ ሻሽ ታስሮ። የደረቀ አሸዋ ባልዲ አጠገብሽ ይኑር፣ ልጆች ከግቢው ይውጡ። ብቻሽን በጭራሽ አታፍስሺ።

አሉሚኒየም በቀን ብርሃን ቀልቶ አይታይም። ብዙ ሰው እስኪቀላ ሲጠብቅ ያቃጥለዋል። ከ700 እስከ 750 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የሙቀት መለኪያ ሽቦ መግዛት ከቻልሽ ከሁሉ ዕቃ አስቀድመሽ ግዢው። ከልክ በላይ የሞቀ አሉሚኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጂን ይመጥጣል፣ ሲረጋ ይተፋዋል፣ ዕቃሽም በነጠብጣብ ቀዳዳ ይሞላል። ደርሷል ስትዪ ላዩን ጥረጊ፣ ማቅለጫውን ልኩ በሆነ ጉጠት አንሺ፣ አፉን ወደ መውረጃው አስጠግተሽ ሳታቋርጪ አፍስሺ። መውረጃው እስከ መጨረሻው ሙሉ ይሁን። ከጎን ቢያፈተልክ ዕቃውን ለማዳን አትታገዪ፣ ወደኋላ በይ። ከፈሰሰም በኋላ ታገሺ፤ የረጋው ዕቃ ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ግን እጅ ይልጣል።

የወጣውን መጀመሪያ ያማረ ጎኑን ሳይሆን ውስጡን እዪው። በመጋዝ መሃል ለመሃል ቁረጪው። ክብና የሚያንጸባርቅ ትናንሽ ቀዳዳ ካየሽ እርጥበት ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው። ወፍራሙ ቦታ ላይ ሻካራ ጉድጓድ ካለ መጋቢው አንሷል። ጠርዙ ሳይሞላ ከዶለዶመ ቀዝቅዞ ፈስሷል። አሸዋ ከተሸረፈበት ደግሞ አጠቀጣጠቅሽ ላልቷል። የተቆረጠውን አትጣዪው፣ ምን ያህል ውሃና ሙቀት እንደነበረው ጽፈሽበት መደርደሪያ ላይ አኑሪው።

ብረት ድስት ልሥራ እንዳትዪኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በካሜሩን ከስብርባሪ አሉሚኒየም የተሠሩ ድስቶች ምግብ ውስጥ እርሳስ እንደሚለቁ አሳይቷል። ስብርባሪው ከምን እንደተቀላቀለ በዓይን አይታወቅምና የሚበላበትም የሚጠጣበትም ዕቃ አትሥሪ። እጀታ፣ ማጠፊያ፣ ሰሌዳ፣ የማሽን መለዋወጫ፣ ይህ ሁሉ ሞልቶልሻል።

ናስ ደግሞ ይቆይ። ናስ ሲቀልጥ ውስጡ ያለው ዚንክ ለመፍላት ይቃረባል፣ በ907 ዲግሪ ይፈላል። ነጭ ጭስ ካየሽ እሱ ነው። የተነፈሰው ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ወተት ጠጪበት የሚሉሽን አትስሚ፤ ወተቱ ሆድ ይገባል፣ ጭሱ ሳንባ። የሚያድንሽ ነፋስና ርቀት ነው። አሉሚኒየም ተደጋግሞ ንጹህ ሲወጣልሽ ጥሪኝ፣ የመጀመሪያውን ናስ አብረን እናፈሳለን። ጉጠቱን አንቺ ትይዣለሽ።